የፀደንያ ላም ወተት

ሊና ወተቱን በሐዘንተኛው ሁሉ ፊት ጠጣች። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ቀስ እያለ ቆመ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ውባየሁ፣ የንፍሮውን ሰፌድ ለሌላ ሰው አቀብለው። «ሰባት ወር ገብቶሽ ወተት?»

«ማክሰኞ ነው እትዬ። ጾም አይደለም።»

«ጾም ነው መቼ አልኩ። ሕፃኑ ራስ ላይ ይለጠፋል። ነጭ ነገር ለብሶ ነው የሚወለደው።»

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ጉግሳ ከጥግ ሆነው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እናቴ እኔን አርግዛ ወተት ቀምሳ አታውቅም ይባላል። ይኸው ራሴ» ብለው ሽበታቸውን አሳዩ። ሁለት ሴቶች ሳቅ አመለጣቸውና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ሊና አልሳቀችም። ወተቱ ትናንት የተቀበረችው የእህቷ የፀደንያ ላም ወተት ነበር። ላሟ ሳትታለብ አድራ ጠዋት ስትጮህ፣ የፀደንያ ባል ደጉ ከፍራሹ አልተነሣም። ሊና ራሷ አለበቻት፤ ወተቱንም አፈላችው።

ፀደንያ ያችን ላም አምስት ዓመት አልባለች። ወተቱን በጀሪካን ይዛ ለቦንጋ ሻይ ቤቶች ታደርስ ነበር። ካረገዘች በኋላ ግን አንድ ኩባያ አልቀመሰችም፤ እናታቸው ላቀች ከልክላታለች። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ማርቲ የካልሲየም ኪኒን ስትሰጣትም፣ «አጥንት ያጠነክራል፣ ልጁ ገዝፎ አልወጣም ይላል» ተባለ። ፀደንያ እናቷን ማስቀየም አትወድም፤ ፈገግ ብላ ኪኒኑን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። በስምንተኛው ወር ራሷን አመማት፣ ዐይኗ ብዥ አለባት፣ ከዚያ መላ አካሏ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰዉ ልክፍት ነው ብሎ ጸበል ሲፈልግ ግማሽ ቀን አለፈ። ሆስፒታል ስትደርስ ረፍዶ ነበር። ልጁም አልተረፈም።

«የሰው ዐይን ነው የበላት» አለች ከዋጫ ከተማ ለለቅሶ የመጣች ዘመድ፣ በሹክሹክታ።

ሊና ዞረች። «እህቴን ዐይን አልበላትም። ደም ግፊት ነው የገደላት።»

«ተይ ሊና» አለች ላቀች። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅዋ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«አልተውም እማዬ። ማርቲ ለቀብር ስትመጣ ጠይቄያታለሁ። ወተቱን ብትጠጣ፣ ኪኒኑን ብትውጥ ትተርፍ ነበር ወይ አልኳት። እርግጠኛ መሆን አልችልም አለችኝ። ከምግባቸው ካልሲየም ለሚጎድላቸው እርጉዞች ግፊቱ እንዳይመጣ ይረዳል፤ ሁሉንም ግን አያድንም አለች። እኔ የሚረዳኝን ነገር አልተውም። ዛሬም ቀጠሮ አለኝ፤ ግፊቴን ልለካ እሄዳለሁ።»

«ሰልስት ሳይወጣ?» አሉ እትዬ ውባየሁ። «የእናትሽ ልጅ ሞታ? አገር ምን ይላል?»

«አገር ለእሷም ብዙ ብሏል።»

ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ ይደበድባል። ሊና ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ጫማዋን ለማጥለቅ ብትሞክር እግሯ አብጦ አልገባም አላት፤ ጎንበስ እንዳትል ደግሞ ሆዷ ከለከላት።

ላቀች መሬቱን ተደግፋ ተነሣች። ሴቶቹ «ወዴት ነሽ፣ ተቀመጪ» ብለው ሲይዟት እጃቸውን አስለቀቀች። በሩ ጋ ስትደርስ የልጇን ፊት አላየችም። እግሯን ነው ያየችው።

«ፀደንያም እንዲህ አብጣ ነበር» አለች። «የእርግዝና ነው፣ ይለቅሻል አልኳት።»

ከጫማዎቹ ክምር መሐል የራሷን ሰፊ የላስቲክ ጫማ ፈልጋ አወጣች። በሰው ሁሉ ፊት ጭቃው ላይ ተንበርክካ የሊናን እግሮች አንድ በአንድ አስገባችበት። ከዚያ የሊናን ጠባብ ጫማ ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ በባዶ እግሯ ዝናቡ ውስጥ ቀድማት ወጣች።