ገና ያልደረቀ ስም

ሮዛልባ በኦክላንድ የእግረኛ መንገድ ላይ አቀርቅራ ነው የምትሄደው። ተቋራጭ የነበረው አባቷ ኮንክሪት ባነጠፈበት ሁሉ ስሙን ያትም ስለነበር፣ እየፈለገች ታያለች። ያን ቀን ጠዋት ግን ጎረቤቷ ደጃፍ ስትደርስ ክው አለች። «ኤ. ቤርቶላኒ» ይላል፤ የአባቷ ስም ነው፤ ሲሚንቶው ግን ገና እርጥብ ነው። አባቷ ከሞተ ዓመት አልፎታል። የብረት ማህተሙንም በገዛ እጇ ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ አኑራዋለች።

ኮንክሪቱን ያነጠፈው ታናሽ ወንድሟ ኤልዮ ያንኑ ማህተም ይዞ አጠገቡ ተንበርክኳል።

«አንተ ሌባ! ከሬሳ ትሰርቃለህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! ሳጥኑ ሳይዘጋ ነው ያወጣሁት። አባባ ስሙን ሰው እንዲረግጠው እንጂ አፈር እንዲበላው አይፈልግም ነበር።»

«አንተን ብሎ አባባን አዋቂ!»

«እንግዲያው አጥፊው! ሳይደርቅ ቶሎ በይ።»

እሷም ተንበርክካ የሲሚንቶ ማለስለሻውን ከሌላው እጁ መንጭቃ ስሙን ድምጥማጡን አጠፋችው። የኤልዮ ፊት አመድ መሰለ። እሷ ግን አልተነሳችም። ጥርሷን ነክሳ፣ እሱ ለይስሙላ ነካክቶ የተወውን ሸካራ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር፣ ልክ አባቷ እንዳስተማራት፣ አለሰለሰችው።

«አባባ የቅድሙ ዓይነት ጠርዝ ላይ ስሙን አያሳርፍም ነበር» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው። «በል፣ አሁን አትም።»