ጆሮ ያልሰማው ፓምፕ

የአካሉን ጉድለት ከሰው የሸሸገ ባለሙያ፣ የጉድለቱን ሸክም በሚያምኑት ሰዎች ጫንቃ ላይ ያሳርፋል። ይህ ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ምስክሩም አንድ የነዳጅ ፓምፕ ነው።

መካኒኩን ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይለው ነበር። ቅጽል ስሙ በከንቱ የወጣለት አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የካቻቢቴውን ጫፍ በሞተሩ ላይ፣ እጀታውን በጆሮ ግንዱ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ፣ ሌሎች ግማሽ ቀን ፈታትተው የሚደርሱበትን ብልሽት እርሱ ቆሞ ይናገር ነበር። ይሁን እንጂ ከስድስት ወር በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርቦ፣ ቀጫጭን ድምፆች ከእንግዲህ እንደማይሰሙት ተነግሮታል። ወፍራሙን ይሰማል፤ ንግግርም ይሰማል፤ ፉጨትና ሲርሲርታ ግን ለእርሱ የሉም። የሐኪሙን ወረቀት አራት ላይ አጥፎ ከመፍቻ ሣጥኑ ሥር ከተተው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

አንድ ማለዳ ታላቅ እህቱ መኪናዋን እየነዳች ወደ ጋራዡ ገባች። መኪናዋ ክብ መብራት ያላት፣ ባሏ ገና ሳያገባ የገዛት አሮጌ ናት። ባልየው ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል የሚደርሰው በዚህችው መኪና ነበር።

«ከኋላ በኩል የሆነ ነገር ይጮሃል» አለችው። «ባለቤቴማ ‹ይህች መኪና ከእኔ ብሳ ታቃስታለች› እያለ ያሾፍባታል።»

ጆሮ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ከሥር ገባ። የነዳጅ ፓምፑ ከቤንዚን መያዣው ከሰልባትዮው አጠገብ ነበር፤ መጠኑ ከጭብጥ አይበልጥም። እህቱ ቁልፉን ስታዞር ካቻቢቴውን ደግኖ አዳመጠ። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። ይህ የጤነኛ ፓምፕ ድምፅ ነው። ከዚያ በላይ የሚጮኸው ቀጭን ድምፅ፣ በግቢው ማዶ ሽቦ ስትገጥም የነበረችውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቀና ያደረጋት ድምፅ፣ እርሱ ዘንድ አልደረሰም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣች። «ጋሼ ጆሮ፣ ይህ እኮ ነዳጅ የተጠማ ፓምፕ ነው። የግፊት መለኪያውን ላምጣ? ቱቦውንም ነቅለን ከሰልባትዮው ምን ያህል እንደሚወርድ እንይ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«እኔ መለኪያ ስጠቀም ያየሽኝ መቼ ነው?»

«አላየሁም። መለኪያ ጉራ የለውም ብዬ ነው እንጂ።»

እህቱ ሳቀች። ጆሮ ግን ከመኪናዋ ሥር ሆኖ ፊቱ ጋለ። ልጅቷ ምን ሰምታ እንደ መጣች ለመጠየቅ አፉን ከፈተ፤ መልሶም ዘጋው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከአሮጌ የጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ወፍራም ቁራጭ ቆረጠ፤ በፓምፑና በመኪናዋ አካል መካከልም አስገብቶ አጥብቆ አሰረው።

«መያዣው ላልቶ ነው የሚያንቀጠቅጠው» አለ፣ ወጥቶ ልብሱን እያራገፈ።

እህቱ አንገቷን አዘንብላ አዳመጠች። «የቀነሰ መሰለኝ። ግን ጨርሶ አልጠፋም…»

«እትዬ፣ የምታምኚው ያንቺን ጆሮ ነው ወይስ የኔን?»

«ያንተን ነዋ። እኔማ የሩዝ ማሰሮ ሲገነፍልም አልሰማ።» ጉንጩን ስማው ሄደች።

በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ነበረች። መኪናዋ ድልድዩ ላይ ቆማለች፤ ባሏ ከኋላ ወንበር ተጋድሟል፤ የእጥበቱ ተራ ሊደርስ ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶታል።

«ታክሲ ልጥራ ወይስ ትነሣለች?» አለች።

ጆሮ ያን ጊዜ ማወቅ የነበረበት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፓምፑ ዝም ካለ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፤ ፊውዝ ይቀየራል። እየጮኸ ከሆነ ግን ነዳጁ ከበስተኋላ ታግዷል፤ ቱቦውን ነቅሎ ወደ ሰልባትዮው ጠንክሮ መንፋት ለጊዜው ያስከፍተዋል።

«ቁልፉን አዙሪና ስልኩን ከኋላ ወደ ሥር አስጠጊልኝ።»

አስጠጋችው። የመኪኖች ጉርምርምታ፣ የነፋስ ሽውታ፣ የአማቹ ሳል ተሰማው። ዐይኑን ጨፈነ፤ ስልኩን እስኪያመው ድረስ በጆሮው ላይ ተጫነ። ሌላ የሰማው የለም። «እየጮኸ ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ምላሱ ላይ ነበረች። ከኋላው ኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ ቆማለች፤ ሁለት መካኒኮችም ሥራቸውን አቁመው ይመለከቱታል። ጥያቄዋን ዋጣት።

«ዝም ብሏል» አለ። «ፊውዝ ነው። ትርፉ ከፊውዝ ሣጥኑ ክዳን ውስጥ አለ፤ ቀይሪው።»

«ዝም ብሏል?» አለች እህቱ፣ ግራ ተጋብታ። «አንተ ልጅ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«አሥር ደቂቃ አይፈጅብሽም። ታክሲ ምን ያደርጋል?»

ቀየረችው። አልተነሣችም። ሌላውንም ቀየረች፤ መልሳ ደወለች፤ ሽቦዎቹን እንድትነቀንቅ ነገራት፤ ነቀነቀች። አላፊ አግዳሚው ከመኪናዋ የሚወጣውን ጩኸት እየሰማ ዞር ብሎ ያያታል፤ እርሷ ግን ከገዛ ጆሮዋ ይልቅ የወንድሟን ጆሮ አምና ፊውዝ ትቀያይራለች። በመጨረሻ ስትደውልለት ድምፅዋ ቀዝቅዞ ነበር።

«አሁን ነው ዝም ያለው» አለች። «እስካሁንማ ድልድዩን በጩኸት አናውጦት ነበር። አሁን ጢስ ጢስ ይሸታል።»

ጆሮ መፍቻውን እንደ ያዘ በርሜል ላይ ተቀመጠ። ወደ ድልድዩ ለመሮጥ ተነሣ፤ ግን ምን ይዞ ይሮጣል?

መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ ሰልባትዮውን አወረደች። የነዳጁ መምጠጫ ወንፊት በዝገት ጭቃ ተለስኖ ነበር። በፍላጎቱ ልክ ነዳጅ ያጣው ፓምፕም ሲታገል ኖሮ ድልድዩ ላይ ተቃጥሏል። ባልየው በታክሲ የደረሰው ተራው ካለፈ በኋላ ስለ ነበር በማግስቱ እንዲመለስ ተነገረው፤ ሌሊቱን ግን ሳንባው ውኃ ቋጠረ። ዐሥራ አንድ ቀን በኦክስጂን ተኝቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ደጋፊ አንድ ደረጃ አይወጣም።

በሆስፒታሉ ኮሪደር እህቱ አቁማ ጠየቀችው። «እውነቱን ንገረኝ። ያን ጩኸት ሰምተኸው ነበር?»

«አልሰማሁም፣ እትዬ። ቀጭን ድምፅ ከተወኝ ቆይቷል።»

«ታዲያ እኔን ለምን አልጠየቅኸኝም? እኔ እኮ አጠገቡ ነበርኩ።»

ይህን ብላ ወደ ባሏ ክፍል ገባች። ሁለተኛም አልጠየቀችውም።

በሳምንቱ ወረቀቱን ለጋራዡ ኃላፊ አስረከበ። ኃላፊው አንብቦ ብልሽት የመመርመርን ሥራ ወሰደበትና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ ሰጣት። እርሱ ዛሬ በጓሮ የተፈቱ ዕቃዎችን በናፍጣ ያጥባል፤ «ጆሮ» ብሎ የሚጠራውም የለም። እህቱ ወደ ጋራዡ ስትመጣ ደኅንነቱን ትጠይቀዋለች፤ የመኪናዋን ቁልፍ ግን ለሌላ ሰው ሰጥታ ትሄዳለች።