ላሟን ማንም አላየም

መምህራችን ጋሼ ብሩ ሥዕላቸውን ሰሌዳው ላይ ሲሰቅሉት ገና ሳቃችን መጣ፤ ላም ያለበት ቤት፣ የኛው የሶዶ ቤት ቁጭ! በዱቄት ከረጢት ላይ ነው የሳሉት። ቅዳሜ በተከፈተ በር አጠገብ ሲያልፉ ያዩት ነው አሉን፣ የማን ቤት እንደሆነ ግን አልነገሩንም። እዚህ ቤት ምን እየሆነ ነው ብለው ጠየቁ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ፈጠነች፣ የመስከረሙ አዲስ ዓመታችን ጊፋታ ነው አለች፣ እናትየዋ የልጅቷን ራስ ቅቤ እየቀባች ነዋ። እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ፣ የምን ጊፋታ፣ ሥዕሉ ላይ የበቆሎው አገዳ ደርቋል፣ ጥር ነው፤ እነዚህ ሽማግሌዎች ላም ሊያዩ ነው የመጡት አልኩ። እንዴት አወቅሽ ሲሉኝ ሥዕሉን ደግሜ አየሁት።

ቤታችን ነዋ! ምሰሶው ላይ ያለው የመጥረቢያ ምልክት የኛ ነው። ቅዳሜ አጎቴ ሻንቆ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ፣ ላም ሊያዩ ነው አለ። እማዬ ለራስ ምታትሽ ብላ ቅቤ ቀባችኝ፣ እኔን ግን ራሴን አላመመኝም ነበር። ጀርባዬን ስለሰጠኋቸው ምንም አላየሁም። ሥዕሉ ላይ ላሟ ጥግ ቆማ ታመሰኳለች፣ የሚያያት የለም። ሦስቱም ወንዶች ልጅቷን ነው የሚያዩት።

የፈጠነች እህትም አምና እንዲህ ቅቤ ተቀብታ ነው ከትምህርት ቤት የቀረችው።

«ጋሼ፣ ልጅቷ እኔ ነኝ፤ ሊድሩኝ ነው» አልኩ።

ክፍሉ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም፤ ሥዕሉን ጠቅልለው ሰጡኝና ለአባትሽ አሳዪው አሉኝ።

አባዬ ቅዳሜ ወደ በዴሳ ገበያ እህል ሊሸጥ ሄዶ ነበር። አውቆ ከሆነስ? እሱ ከሰጠኝማ አለቀልኝ! ሥዕሉን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ስደርስ እግሩን እየታጠበ ነበር። ሥዕሉን ዘረጋሁለት። መጀመሪያ ላማችን አማረባት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«በርጩማዬ ላይ የተቀመጠው ማን ነው?»

ሻንቆ ነው አልኩ። ሻንቆ ምን ሊያደርግ መጣ ብሎ እማዬን ጠየቃት፤ ላሟን ሊያሳይ አለች። አባዬ ሥዕሉን እንደገና አየው፣ ጣቱን ከሰው ወደ ሰው እያሻገረ።

«ላሟን ማንም አላየም» አለ።

ዱላውን አንስቶ እግሩ ሳይደርቅ ወደ ሻንቆ ቤት ወጣ። አላወቀም ነበር ማለት ነው! ግን ልቤ አልተመለሰም፣ ሻንቆ እንደሆነ ዱላ አያጣም። እማዬ ውኃ አሞቀች፤ ጎንበስ በይ ብላ ቅቤውን ከራሴ ታጥብልኝ ጀመር።