ለሽምግልና የመጡት ጠረኖች

ይህን ወሬ በማውራቴ ወይዘሮ ጥሩአየርን፣ ጎረቤቶቻቸውንና አፍንጫ ያለውን ሁሉ አስቀድሜ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዝም ብል ይሻል ነበር፤ አላስቻለኝም።

እሑድ ረፋድ ላይ ሦስት ጠረኖች፣ የሚሸታቸው ሰው ሳይኖር፣ ወይዘሮ ጥሩአየር ሳሎን ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ወይዘሮዋ ፒያሳ ሽቶ ቤት ስላላቸው አልደነገጡም። ቅር ያላቸው ሳይነገራቸው መመጣቱ ብቻ ነበር።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ መሃል የቆመው የጥድ ጠረን። «ልጅዎን ሰናይትን ለልጃችን ፈልገን ነው።»

ወይዘሮ ጥሩአየር ነጠላቸውን አስተካከሉ። በዘር ነገር ቀልድ አያውቁም። ከዚህ በፊት የመጣውን መካኒክ ናፍጣ ይሸታል ብለው መልሰውታል፤ የቢሮ ሠራተኛውን ደግሞ ምንም አይሸትም ብለው። ምንም የማይሸት ሰው ሐሳቡ በምን ይታወቃል?

«ልጁ ከየትኛው ወገን ነው?»

«በአባቱ ከእኛ ከእንጨቶቹ፣ በእናቱ ከአበቦቹ።»

«እንጨቶቹስ ረጋ ያሉ ናቸው፤ እስከ ማታ ይቆያሉ። አበቦቹም ዘመድ ያበዛሉ እንጂ ጨዋ ናቸው። ሎሚ ግን እንዳይኖርበት! እነዚያ ሞቅ ብለው ይገቡና ምሳ ሳይቀርብ ይጠፋሉ። እኅቴን ያገባት ብርቱካን ነበር፤ በመልሱ ዕለት አልተገኘም።»

በስተግራ የቆመው የሎሚ ጠረን ትንሽ ሳሳ።

«በአያቱ በኩል ጥቂት ቅርንፉድ አለበት» አለ ጥዱ፣ በስተቀኝ ወደቆመው የቅርንፉድ ጠረን እያመለከተ።

«ቅመሞቹ? እነሱ ሳይደርሱ ይታወቃሉ፣ ሄደውም አይወጡም። ይሁን፣ ሀብታሞች ናቸው።»

«እማዬ፣ እኔ ወድጄዋለሁ» አለች ሰናይት ከጓዳ።

«ዝም በይ! ገና ሰባት ቤት አልተቆጠረም።»

ተቆጠረ። ጥዱ አያት ቅድመ አያቱን እየጠራ ወደ ላይ ወጣ፤ ሁሉም የተከበሩ ነበሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥርኝ ነው።»

«ጥርኝ? ያ ከጅራቱ ሥር ዝባድ የሚጠርጉለት አውሬ?»

«እሱው ነው። ትልቅ ቤት ሁሉ ውስጥ አለ። እርስዎም ዛሬ ተቀብተውታል።»

«እኔ የተቀባሁት የፓሪስ ነው!»

«ፓሪስ ከየት ያገኘው ይመስልዎታል?»

«አውሬ ቤቴ አይገባም!»

ጠረኖቹ እጅ ነስተው ወጡ፤ ቅርንፉዱ ብቻ ትንሽ ዘገየ። ወይዘሮ ጥሩአየር ጓዳ ሲገቡ የሰናይት ቀሚስ እንደተቆለፈ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ውስጡ ሰው የለም። ካንገትጌው ጽጌረዳ ይሸታል፤ ከጽጌረዳው ሥር፣ በጣም ራቅ ብሎ፣ አውሬ።

«ሰናይት! የት ገባሽ?»

«እዚሁ ነኝ፣ እማዬ። መስኮቱን ክፈቺልኝ፤ ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።»

እናት መስኮቱን ቀረቀሩ፤ ስንጥቁንም በጨርቅ ወተፉት። ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም። እንግዳ ሲመጣ፣ «ቤትሽ እንዴት ይሸታል!» ይላል፤ ወይዘሮዋም የፓሪስ ነው ይላሉ።

እንግዲህ አደራ፣ ይህን ለማንም አታውሩ። በተለይ ነፋስ ባለበት። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ቀሚሱ ካልጋው ይነሣና በባዶ እጅጌው የመስኮቱን መስታወት ያንኳኳል፤ ከውጭም ይመለስለታል።