ያልተጠራው አጫጅ

ቀንቻለሁ። ምን ይደረግ፣ ሰው ነኝ። ኢያቄም ከኮን አገር መጥቶ፣ የጎረቤቴን ልጅ አግብቶ፣ እዚህ ገነተ ማርያም ግርጌ ጎጆ ከቀለሰ ዓመት አልሞላውም፤ ከአሁኑ በደቦው ሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለው እሱ ነው። «እንዴት እንደሚያጭድ አየኸው?» ይሉኛል። አያለሁ እንጂ፣ ዓይን አለኝ። አጭዶም አይበቃው፣ ወደ ኋላ የቀረውን ሰው ተመልሶ ያግዛል፣ ነዶውን ያስርለታል። ሚስቴ ብርቄ እንኳ ጠላ ስትቀዳ ለሱ ጢም አድርጋ ነው።

እኔ፣ ፈንታው፣ ደግሞ አውራጅ ነኝ። እኔ ዘፈኑን አወርዳለሁ፣ አጫጁ ይቀበላል። በደቦ ገንዘብ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ አጭዶ ይዞት የሚገባው በዘፈኑ የተጠራለትን ስሙን ነው። ስሙ ሲጠራ የደከመው ይነሣል፣ ቤቱ ገብቶም ለሚስቱ ያወራል። ይህን ሥልጣን ከአባቴ ወርሼዋለሁ።

የደቦ ባልንጀራችን የምሥጋናው ገብስ የታጨደ ዕለት ሁሉንም ጠራሁ። ባለማሳውን ምሥጋናውን ጠራሁ፤ ማጭዱ የዶለዶመበትን ሰነፍ ሳይቀር አሞገስሁ። ኢያቄምን ዘለልሁት። ቀና ብሎ ሲጠብቅ አየሁት፤ እያየሁት ዘለልሁት። ደስ አለኝ፣ ልዋሽ? ቤት ስንገባ ብርቄ «ያን ልጅ ምን አርጎህ ነው?» አለችኝ። «ረሳሁት» አልኋት። «አንተ የሰው ስም ትረሳለህ?» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ከዚያ ተራው የኔ ማሳ ሆነ። የዚያን ዕለት በኅዳር ያልታሰበ ደመና ከአቡነ ዮሴፍ በኩል ጠቁሮ መጣ። በረዶ ከጣለ የደረሰ ገብስ አፈር ላይ ይረግፋል፤ የዓመት ቀለባችን ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። ደቦው አልቀረም፣ ሁሉም መጣ። ኢያቄምም መጣ። ጎንበስ አሉና አወረድሁ።

የተቀበለኝ የለም።

ያልሰሙ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁ። ዝም። ያለ ዘፈን ደቦ ደቦ አይደለም፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይቀራል፣ ወገቡን ሊያቃና የሚቆመው ይበዛል። ገብሱ እንደቆመ ነው።

«ምነው፣ አፍ የላችሁም?» አልሁ።

ምሥጋናው ከማጭዱ ቀና ሳይል «አያ ፈንታው፣ ትናንት የዘለሉት ኢያቄምን ነው። ነገ ማንን እንደሚዘሉ በምን እናውቃለን?» አለኝ።

ብርቄ እንስራዋን አስቀምጣ ደመናውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

ደሜ ፈላ። ብትፈልጉ ተዉት ብዬ እንደገና አወረድሁ። አንድ ድምፅ ተቀበለኝ፤ ሻካራ፣ ዜማ የማያውቅ ድምፅ። ዞር ስል ኢያቄም ነው። ሌላው ሁሉ ለሱ ብሎ አፉን ሲዘጋ እሱ ብቻውን ይቀበለኛል፣ ማጭዱንም አያቆምም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በአጨዳው መብለጡ አንሶ በዚህም ሊበልጠኝ ነው።

ነፋሱ ቀዘቀዘ። ደመናውን ቀና ብዬ አየሁና አወረድሁ፦

ደመና ቢከብድም፣ ፀሐይዋ ብትጠልቅም፣
ማጭድ አያስቀምጥም የኮኑ ኢያቄም።

ማሳው ሁሉ ባንድ ላይ ተቀበለ። ማጭዱ እኩል ወረደ፤ ሰነፉም ተነሣ። በረዶው የደረሰው ገብሱን ከምረን ሣር ካለበስነው በኋላ ነው።

ቀለባችን ተረፈ፤ ተመስገን። ግን ያን ስም ሲቀበሉ የጮኹት ጩኸት ከጆሮዬ አልወጣም። ስንት ዘመን ሳወርድላቸው ኖሬ የኔን ስም የጠራ የለም፤ አውራጅ ራሱን አይጠራም። በረዶው ጣራውን ሲወቅጠው ይህንኑ ለብርቄ አጉረመረምሁላት።

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ማውረዱን ለሌላ ሰው ሳትለቅ» አለችኝ፣ «ማን በምን አፉ ይጥራህ?»