ግድግዳው ይጥፋ

ነርሷ ለመታወቂያ ፎቶ ስትመጣ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ከጥርሷ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ሁለተኛውን የስቱዲዮው ባለቤት በኮምፒውተር አፍክቶ አፍክቶ አመድ የተነሰነሰባት አስመሰላት። የሆስፒታሉ ጥበቃም ጠዋት ጠዋት መታወቂያውንና ፊቷን እያስተያየ፣ «የማንን ነው የያዝሽው?» እያለ በር ላይ ይገትራታል።

«ፊትሽ ነዋ ያስቸገረን!» አለ ባለቤቱ እየሳቀ።

ፎቶ አንሺዋ፣ የገዛ ወንድሙ ልጅ፣ ደሟ ፈላ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ኦቶማቲክ ላይ አድርጊና ተጫኚ፣ የቀረው የእኔ ሥራ ነው» ሲላት እሺ ብላ ኖራለች። ዛሬ ግን በቃት! ግድግዳው ነጭ፣ የነርሷ ጋውን ነጭ፤ ካሜራው ያን ሁሉ ንጣት ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል፣ ጥቁሯ ሴትም አብራ ትጨልማለች። ካሜራ ምኑን ያውቃል? ታዲያ ጥፋቱ የፊቷ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው!

ካሜራውን ማኑዋል ላይ፣ በእጅ ወደሚስተካከለው፣ አዞረችው። ወደ ነርሷ ተጠግታ ብርሃኑን ከጉንጯ ላይ ለካች፣ ብርሃን በደንብ እንዲገባ ሹተሩን አዘገየች፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«አንቺ ልጅ፣ እሱን አትንኪ ብዬሻለሁ!»

«ነካሁት፣ ጋሼ።»

ተጫነች። ካሜራው ስክሪን ላይ ነርሷ ራሷ ወጣች፤ ቆዳዋ ጥቁርና ወዛም፣ ከቅንድቧ በላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ እንኳ ሳትቀር። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ግን ከመንጣቱ የተነሳ አይታይም።

«ይኸው! ግድግዳው ጠፋ!» አለ ባለቤቱ።

«ይጥፋ! መታወቂያ የሚያወጣው ግድግዳው ነው እንዴ?»

ወረፋ ይዘው የተቀመጡ ባልና ሚስት ሳቁ። አጎትየው ንዴቱ ባሰበት። የካሜራውን ሜሞሪ ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ የነርሷን ፊት ሊያፈካ ማውሱን ሲይዝ፣ ነርሷ ከወንበሯ ተነስታ እጇን እጁ ላይ ጫነች።

«እናቴ የሰጠችኝን ፊት እርስዎ አያስተካክሉልኝም። እንዳለ ይተዉት።»

እሷን ትቶ ወደ ወንድሙ ልጅ ዞረ። «ካሜራዬን አስቀምጪና ውጪልኝ!»

ልጅቷ ሌላ ሥራ የላትም። ይቅርታ ግን አልወጣትም። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ቦርሳዋን አነሳች።

«ቆይ እንጂ እህቴ» አለች ሚስትየዋ፣ እሷም እንደ ነርሷ ጥቁር። «እኛንስ ማን ሊያነሳን ነው?»

«እኔ አለሁ አይደል!» አለ ባለቤቱ።

«እንደሷ አድርገው?»

ካሜራውን አንስቶ ማዞሪያውን ወዲህ አዞረ፣ ወዲያ አዞረ፤ ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ ካሜራውን ለወንድሙ ልጅ ዘረጋላት።

እጇን አልሰደደችም።

«መጀመሪያ የነርሷን ፎቶ እንዳለ አትመህ ስጣት፣ ጋሼ» አለችው።