ከቱቦው አጠገብ የተሰቀለ ማማሰያ

ሰው በገዛ ፈቃዱ ትቶት የሄደውን ክፍል፣ ሌላ ሰው ስለኖረበት ብቻ መልሶ ሊወደው ይችላል? ቶርጌር የጓደኛው ጀልባ ውስጥ ጠባቧ አልጋ ላይ ተጋድሞ ይህን ጥያቄ ለራሱ ያነሳ ነበር። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የአክስቱ ልጅ ሱኒቫ በዚያች ሰዓት ኦስሎ ውስጥ ካምፐን ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው የእንጨት ቤት ጣሪያ ስር፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ ተኝታለች። ክፍሉ ደግሞ የሱ ነበር።

የሱ ሲባል፣ ተከራይ ነበር። ለትምህርት ወደ ሞንቴቪዴዮ ሲሄድ ቁልፉን ሱኒቫ እጅ ላይ አስቀምጦ «እስክመለስ ሞቅ አድርገሽ ጠብቂልኝ» ብሏት ነበር። ያኔ ሁለቱም ስቀዋል። አምስት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ግን ቶርጌር ያን ቀልድ እንደ ውል ያስበው ጀመር። ሱኒቫ ስለ ባሕሩ ጠየቀችው፣ ስለ ምግቡ ጠየቀችው፣ በስፓኒሽ እንዲሳደብላት ለመነችው። የት እንደሚያድር ግን አልጠየቀችውም። እሱም አልነገራት። በነሱ ቤተሰብ ሰው የሚፈልገውን ነገር ፊት ለፊት አይጠይቅም፤ ሌላው እስኪገባው ይጠብቃል፣ ካልገባው ይቀየመዋል።

የተማረው የሰው መኖሪያ መንደፍ ነው። ኦስሎ ውስጥ ግን ለራሱ የሚሆን አልጋ አጣ። መጀመሪያ የአንድ የድሮ ጓደኛው ሳሎን ሶፋ ላይ አደረ፤ የጓደኛው ሚስት እሱ ገና ሳይነሳ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ስትጀምር ወጣ። ቀጥሎ ርካሽ የመንገደኞች ማደሪያ ገባ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት አልጋ፣ ከላዩ የሚያንኮራፋ ጣሪያ ሠሪ። የሚከራይ ቤት ሊያይ በሄደ ቁጥር ደጃፉ ላይ የጫማ ክምር ይጠብቀዋል፤ ሁሉም በካልሲው እየተንሸራተተ፣ ለአከራዩ ፈገግ እያለ፣ ጎን ለጎን የቆመውን ተፎካካሪ በዓይኑ ይለካል። አንድ ቀን እንዲያውም ቤቱን አጥቶ ሲወጣ ግራ ጫማውም ተቀይሮ አገኘው። የማያውቀውን ሰው ሰፊ ጫማ እየጎተተ እስከ ወደቡ በእግሩ ወረደ። ከዚያ በኋላ ነው ሃልቫርድ የሚባለው የልጅነት ጓደኛው ጀልባው ውስጥ እንዲያድር የፈቀደለት። ጀልባው ማሞቂያ የለውም። ኅዳር ሲገባ የመስኮቱ የውስጥ ገጽ በረዶ መያዝ ጀመረ።

አንድ እሑድ አክስቱ ቤት ምሳ በሉ። የሱኒቫ እናት ድንች እየጨመረችለት፣ ልጇ ዕድለኛ መሆኗን፣ አከራይዋ ወይዘሮ ቦርግሂል ልክ እንደ ወለዷት እንደሚያዩዋት፣ መጋረጃ ሰፍተው፣ የሱፍ ብርድ ልብስ ሠርተው እንደሰጧት አወራች። ቶርጌር ድንቹን መዋጥ አቃተው። እሱ እዚያ ቤት ሦስት ዓመት ኖሯል። ኪራይ አሳልፎ አያውቅም፤ የደጁንም በረዶ ይጠርግ ነበር። ቦርግሂል ሹራብ ሲሠሩ ሁሌም ያያቸው ነበር፤ ለማን እንደሚሠሩ ግን አይቶ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ዘግቶ ሲያነብ ይውል ነበር። ታች ካለው የቦርግሂል ወጥ ቤት ወደ ላይ የሚወጣው የማሞቂያ ቱቦ ቀትር ላይ ቋ ቋ ቋ ይላል። ያረጀ ቱቦ ነው ብሎ ጆሮውን በትራስ ይሸፍናል። የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ ሊላቸው አስቦ፣ ማስቸገር ይሆናል ብሎ ተወው።

በዚያው ሳምንት ስልኩ ላይ መንገደኞች ማደሪያ የሚፈልጉበትን ገጽ ከፍቶ፣ ከርካሹ ጀምሮ እያየ ሲወርድ፣ አንድ ፎቶ ላይ ጣቱ ቆመ። ዘቅዘቅ ያለ ጣሪያ። ወደ ግራ ያዘነበለ መደርደሪያ። መደርደሪያው ያዘነበለው ቶርጌር ራሱ እንጨቱን አሳስቶ ስለቆረጠው ነው። ከማሞቂያው ቱቦ አጠገብ፣ ምስማር ላይ፣ አንድ የእንጨት ማማሰያ ተሰቅሏል። ጌጥ መሆኑ ነው ብሎ አለፈው። ክፍሉ የሚከራየው ዓርብ ሌሊት ብቻ ነው ይላል፤ የሚያከራየው ሰው ስም በአንድ ፊደል ብቻ ተጽፏል፦ «ሱ»።

ደስ አለው። ይህን በኋላ ሲያስበው ያሳፍረው ነበር፤ ያኔ ግን አገሩ ከገባ ጀምሮ እንደዚያ ተደስቶ አያውቅም። እንደ ልጅ የሚያዩዋት ሱኒቫ አሮጊቷን እያታለለች ነው።

ሃልቫርድን ክፍሉን በስሙ እንዲይዝለት ለመነው።

«የገዛ ክፍልህን ልትከራይ ነው?» አለው ሃልቫርድ።

«ለአንድ ሌሊት ነው።»

«እንዲህ ለአልጋ መክፈል የምትችል ከሆነ የጀልባዬንስ ለምን ዝም አልክ?» ብሎ ሳቀበት። ያዘለት ግን።

የሱኒቫ መመሪያ በሃልቫርድ ስልክ በኩል መጣ። ማታ ታች ያሉት ሴትዮ ቴሌቪዥን ከፍተው ሲቀመጡ በጓሮ ደረጃ መውጣት፣ ጫማ በእጅ መያዝ፣ ቁልፉን ከአበባ ማጠጫው ውስጥ ማንሳት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳይሰማ መውጣት። ቶርጌር የራሱን ደረጃ እንደ ሌባ ወጣው። የሚንቋቋውን እርከን እግሩ ሳይነግሩት ዘለለው። ክፍሉ በሱ ጊዜ ያልነበረው ሽታ ነበረው፤ ሳሙናና ሄል። መጋረጃው አበባ አበባ ነው። ብርድ ልብሱን ሲገልጥ ክሩን አወቀው፤ ያ በቦርግሂል ጉልበት ላይ ሁልጊዜ ያየው የነበረ ሰማያዊ ክር ነው። ለዚህ ነበር ለካ። ብርድ ልብሱን እንደማይወደው ነገር ወደ ግድግዳው ገፋው፤ ከዚያ በረደውና ለበሰው።

ሲነጋ አልወጣም። ረፋዱ ላይ ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሃልቫርድ ነው። «አከራይህ እየለመነች ነው፣ ውጣላት። ባቡር ቆሞባት ከመንገድ ላይ ናት። አሮጊቷ ሳያዩህ ውጣ ትላለች።» ቶርጌር ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው። ለምን እንደሚጠብቅ አያውቅም። ምናልባት ሱኒቫ በሩን ከፍታ እሱን አልጋዋ ላይ ስታይ ፊቷ ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጎ ነው።

ቀትር ላይ ቱቦው አንኳኳ። ቋ ቋ ቋ።

ያው የድሮው ድምፅ ነው። ቶርጌር ፈገግ ሊል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ደገመ። ከዚያ ከደረጃው ሥር የቦርግሂል ድምፅ መጣ፤

«ሱኒ! ገንፎው ላዩ እየደረቀ ነው። ማማሰያሽ ጠፋብሽ እንዴ?»

ቶርጌር ቀና ብሎ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ማማሰያ አየ። ጫፉ ብረት ሲመታ ከርሞ ተቦጫጭቋል። ቋ ቋታው የምሳ ጥሪ ነበር ለካ፤ ሱኒቫም የምትመልሰው በዚህ ነበር።

የጓሮው ደረጃ በሦስት እርምጃ ርቀት ነበር። ጫማውን አንስቶ ቢወጣ ማንም አያውቅም። እሱ ግን ሱሪውን አጥልቆ በዋናው ደረጃ ወረደ፤ በካልሲው፣ እንደ ቤተኛ።

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፣ የበራ ሻማ፣ ስኳርና ቀረፋ ተቀምጧል። የሩዙ ገንፎ መሀል ላይ ቅቤው እየቀለጠ ነው። ቦርግሂል ቀጭን አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት።

«ቶርጌር? አንተ! ከየት መጣህ?»

«ከላይ።»

ቦርግሂል ነገሩ ባይገባቸውም ሰው ቆሞ አይጠየቅም ብለው ወንበር ሳቡለት፤ የሱኒቫን ሳህን ወደሱ ገፉለት። በላ። ቀረፋው፣ ቅቤው፣ ትኩስ ወተቱ ጀልባው ውስጥ አጥንቱ ድረስ የገባውን ብርድ ነቀለለት። ሲጠግብ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣

«ሱኒቫ ዓርብ ዓርብ ክፍሉን ለመንገደኛ እንደምታከራየው መቼም ያውቃሉ» አለ።

እንደማያውቁ ያውቃል።

ቦርግሂል ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ስንት እንደምታስከፍል አልጠየቁም። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑም አልጠየቁም።

«አንዳንድ ቅዳሜ ሳንኳኳ አትመልስልኝም ነበር» አሉ። «ደክሟት ነው ብዬ ገንፎዋን በፎጣ ጠቅልዬ አቆይላት ነበር። ለማላውቀው ሰው ነበር ለካ የማንኳኳው።»

በሩ ተከፍቶ ሱኒቫ ገባች፤ ኮፍያዋ ላይ በረዶ፣ በብብቷ ስር ዓርብ ሌሊት ከምትሠራበት ዳቦ ቤት ያመጣችው ከረጢት። ቶርጌርን አየች፤ ከዚያ ሳህኑን፤ ከዚያ ሳህኑ ውስጥ ያለውን የራሷን ማንኪያ። ሁሉም ገባት።

«ቦሪ» አለች ቦርግሂልን ቀስ ብላ። ቶርጌር ሦስት ዓመት ሙሉ «ወይዘሮ ቦርግሂል» እና «እርስዎ» ሲላቸው ኖሯል።

«ብትነግሪኝ ምን ነበር?» አሉ ቦርግሂል።

«የሥራ ሰዓቴን ቀነሱብኝ። ኪራዩ ከዘገየ ትጨነቂያለሽ፣ ትተይልኛለሽም ብዬ ፈራሁ። እንድትተይልኝ አልፈለግኩም። ከዚህ ቤት እንዳልወጣ ነው።»

ቦርግሂል አልቆጧትም። ተነስተው ሦስተኛ ሳህን አወጡ፤ ገንፎ ግን አልቆ ነበር። ባዶውን ሳህን ይዘው ምድጃው አጠገብ ቆመው ቀሩ። ቶርጌር ከዚያ ቀን ሁሉ አብልጦ ያስታውሰው የነበረው ይህን ነው።

ሱኒቫ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወደሱ ዞረች። «ክፍሉን ፈልገህ ነው?»

«ጀልባ ውስጥ ነው የማድረው» አላት። 

«ብትጠይቀኝ አልሰጥህም ነበር» አለች። «ግን ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር።»

ማንም አላስወጣትም። በሳምንቱ ራሷ አፍራ ዕቃዋን ሰብስባ ሐማር ከተማ፣ አባቷ ዘንድ ሄደች። ቦርግሂል ለቶርጌር ደውለው «ክፍሉ ባዶ ከሚሆን» አሉትና ስልኩን ዘጉት። ኪራዩም ያው የድሮው፣ በዚያ ከተማ ለሰው ቢነገር የማይታመን ነበር። ሃልቫርድ ሻንጣውን በመኪና አደረሰለትና ቤቱን አየት አድርጎ፣ «አሸነፍክ እንግዲህ» አለው። ቶርጌርም በልቡ እንደዚያው ብሎ ነበር።

ሱኒቫ መጋረጃውንና ብርድ ልብሱን ወስዳለች። ማማሰያው ግን ምስማሩ ላይ ቀርቷል። ረስታው ይሁን ትታው፣ ቶርጌር አላወቀም። ቦርግሂል ሳይነሱ የደጁን በረዶ ጠረገ፣ ማገዶ ፈለጠ፣ የወጥ ቤቱን መስኮት ማጠፊያ አበጀ። ያመሰግኑታል፤ ሁልጊዜም በትክክል፣ ሁልጊዜም ከበሩ ላይ። አንድ ቀን ደፍሮ፣ «በኔ ጊዜም ያንኳኩ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አንተ ማንበብ ትወድ ነበር» አሉት፣ ክራቸውን እየጠቀለሉ። ክሩ ሰማያዊ ነበር። ዘንድሮም ለማን እንደሚሠሩ አልጠየቀም፤ ወደ ሐማር የሚላክ እሽግ መተላለፊያው ላይ አይቷልና። ያን እሽግ ሲያስብ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ፣ አልጋው ላይ ሆኖ፣ አሁንም ቀናባት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቀትር ላይ የወተትና የቀረፋ ሽታ በወለሉ ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል። መጽሐፉን ገልጦ አንድ ገጽ ላይ ይቆያል። ቱቦው ይሞቃል፣ ዝም ይላል።

አንድ ቅዳሜ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ማማሰያውን ከምስማሩ አወረደ፣ ቱቦውን ሦስት ጊዜ መታው። ታች ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማ። ጆሮውን ወደ ወለሉ አስጠጋ። ከዚያ ቧንቧ ተከፈተ፤ ሳህን ሲታጠብ ተሰማ። አንድ ሳህን።

ስልኩን አወጣ። ብዙ ጻፈና አጠፋ፤ ይቅርታ የሚለውንም ጽፎ አጠፋው። የላከው ይህን ብቻ ነበር፦

«ሱኒ፣ ቦርግሂል ሦስት ጊዜ ሲያንኳኩ አንቺ ስንት ጊዜ ነበር የምትመልሺው?»

መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየው። ማማሰያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጠበቀ። ሽታው ከክፍሉ ወጥቶ አለቀ፣ መስኮቱ ጨለመ። መልስ አልመጣም፤ በዚያ ቅዳሜም፣ ከዚያ በኋላም።